ሽርክናው አለ፤ ውሉ የት አለ?

የአንድ አገር ኃይል በሠራዊቷ ብዛት ወይም በከተሞቿ ውበት ብቻ አይለካም። ጎተራ ቢሞላ፥ ትምህርት ቤት ቢበዛ፥ መንገድ ቢነጠፍ፥ የሚያርሰው ክንድ፥ የሚማረው ልጅ፥ በመንገዱም የሚሄደው እግር ጤና ካጣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ይህን የሚክድ ሰው በመካከላችን የለም። ስለዚህም የሕዝብ ጤና ይጠበቅ ወይስ አይጠበቅ የሚል ክርክር አይነሣም። ክርክሩ የሚነሣው፥ ጤናውን ማን ይጠብቀው፥ ወጪውን ማን ይቻለው፥ ጉድለት ቢገኝስ ማን ይጠየቅበት በሚለው ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆናል ተብሎ የሚቀርብ አንድ ስም አለ፤ ይኸውም «የመንግሥትና የግል አጋርነት» የሚባለው ነው። ይህ ስም በ2010 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1076 ሕጋዊ መልክ ካገኘ ወዲህ በየስብሰባው ይጠራል፤ በየዕቅዱም ይጻፋል። በተጠራ ቁጥር ግን ሹሙም፥ መምህሩም፥ ተማሪውም ወዲያው በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንደኛው ወገን «መንግሥት ሆስፒታል ማስተዳደር አልሆነለትም፤ ለባለ ሀብት ይስጠውና እንገላገል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ነጋዴ በበሽተኛ ላይ ሊያተርፍ ነውና የሆስፒታል ደጅ አይርገጥ» ይላል። እኛ ግን ሁለቱም ወገኖች አንድ ስሕተት በጋራ ይዘዋል እንላለን። ሁለቱም የሚከራከሩት ሽርክናውን ገና ከሩቅ እንደሚመጣ እንግዳ ቈጥረው ነው። ሽርክናው ግን ከገባ ቆይቷል። የጎደለው ውሉ ነው።

ለዚህ አባባላችን ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ፍኖተ ሰላምን ወይም ቡሬን መመልከት ይበቃል። ከጃቢ ጠህናን ወይም ከቋሪት፥ ከሰከላ ወይም ከወንበርማ ገጠር አንድ ባላገር ታሞ ወደ ከተማ መጣ እንበል። ገሚሱን መንገድ በጎረቤቶቹ ትከሻ በቃሬዛ፥ ገሚሱን በባጃጅ ወይም በጭነት መኪና ይደርሳል። የዓመቱን የጤና መድን መዋጮ እህሉን በሸጠበት ወራት ከፍሏልና ደብተሩን ከቋጠሮው ፈትቶ ያወጣል። ካርድ ይወጣለታል፤ ሐኪም ያየዋል፤ በሽታው ይታወቅለታል። እስከዚህ ድረስ ሁሉ መልካም ነው። ከዚያም የመድኃኒት ማዘዣ ይጻፍለትና ወደ መድኃኒት መስጫው መስኮት ይሄዳል። እዚያ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቃል «ይኼ የለንም፤ ከውጭ ግዙ» የሚል ነው። ምርመራ ሲያስፈልግም «መሣሪያው ተበላሽቷል፤ ከውጭ አስመርምራችሁ ኑ» ይባላል።

«ከውጭ» ማለት ምን ማለት ነው? አስፋልቱን ተሻግሮ ማለት ነው። ከአጥሩ ባሻገር የግል መድኃኒት ቤት አለ፤ የግል ክሊኒክና ላቦራቶሪም አለ። በአጥሩ ውስጥ የከበረው የመድን ደብተር ከአጥሩ ውጭ ተራ ወረቀት ይሆናል። ባላገሩ የተጠየቀውን ይከፍላል፤ ከሌለው ከዘመድ ይበደራል፤ ዘመድ ካጣ በግ፥ በጉ ካልበቃም የእርሻ በሬውን ወደ ገበያ ያወጣል። በሬው የተሸጠበት ቤት ደግሞ የሚመጣውን ክረምት በምን እንደሚያርስ ለጎጃም ሰው መንገር አያሻም።

እንግዲህ አንባብያን ልብ ይበሉ። በዚህ ጉዞ ውስጥ መንግሥት አለ፤ ሐኪሙን አሠልጥኖ፥ ቤቱን ሠርቶ፥ በሽታውን መርምሮ ድርሻውን አዋጥቷል። የግል ባለንብረትም አለ፤ መድኃኒቱን ከአከፋፋይ ገዝቶ፥ ቤት ተከራይቶ፥ ባለሙያ ቀጥሮ ድርሻውን አዋጥቷል። ሁለቱ ተጋግዘው አንድ በሽተኛ አክመዋል። ይህ ሽርክና ካልሆነ ሽርክና የሚባለው ምንድን ነው? ይሁን እንጂ ሁለቱ ሸሪኮች በዋጋ አልተነጋገሩም፤ ስለ መድኃኒቱ ጥራት አልተማማኑም፤ ጉድለት ቢገኝ ማን እንደሚጠየቅ አልወሰኑም። ያልተነጋገሩትን ሁሉ የሚጨርሰው ሦስተኛው ሰው፥ ያውም በሽተኛው ነው። በሁለቱ መካከል ተመላልሶ ውሉን በእግሩ ይፈጽማል፤ ዕዳውንም በበሬው ይከፍላል።

መንግሥት ይህን ለማቃለል አልሞከረም አንልም። በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ወጣ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በግብርናና በጥቃቅን ሥራ ለሚተዳደረው ሕዝብ የታሰበው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ከእነዚያም አንዷ በዚያ ጊዜ በምዕራብ ጎጃም ሥር የነበረችው ደቡብ አቸፈር ናት። ሙከራው ሠመረና ወደ ብዙ መቶ ወረዳዎች ተስፋፋ። አሳቡ ለሕዝባችን እንግዳ አልነበረም። እድር ያቋቋመ፥ በደቦ ያረሰ፥ በወንፈል ያጨደ ሕዝብ፥ ጤነኛው ለበሽተኛው እንዲያዋጣ ሲነገረው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የድኻ ድኻ የሆነውንም ክልሉና ወረዳው እንዲከፍሉለት ተወሰነ። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ሥራ ነው።

ነገር ግን መድኑ በአጥሩ ውስጥ ታስሮ ቀረ። በ2009 ዓ.ም. የተደረገው ሰባተኛው ብሔራዊ የጤና ሒሳብ እንዳመለከተው፥ በአገራችን ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ 31 ከመቶ የሚሆነው በሽተኛው በታመመበት ዕለት ከኪሱ የሚያወጣው ነበር። ይህ ገንዘብ በጀት አይደለም፤ ግብርም አይደለም። በሕመም ቀን በድንገት የሚወጣ፥ ማንም የማያስተዳድረው ገንዘብ ነው። «ለሽርክናው ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚሉን ሰዎች ይህን ቍጥር ደጋግመው ያንብቡት። ገንዘቡ ዛሬም እየተከፈለ ነው። የሚከፈለው ግን በጣም በከፋው ቀን፥ በጣም በደከመው ሰው፥ ዋጋ ለመከራከር ምንም አቅም በሌለው እጅ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ውል፥ ስምምነት፥ የሥጋት ክፍፍል የምትሉት ለባላገሩ የማይገባ የፈረንጅ ጥበብ ነው» ሲሉ እንሰማለን። በውነቱ ይህ ባላገሩን አለማወቅ ነው። መሬት ኖሮት በሬ የሌለው ሰው በሬ ካለው ጋር በእኩል ወይም በመጋዞ ሲስማማ፥ ዘሩን ማን እንደሚያወጣ፥ አረሙን ማን እንደሚያርም፥ ገለባው ለማን እንደሚሆን፥ በረዶ ቢመታው ጉዳቱ እንዴት እንደሚካፈል በሽማግሌ ፊት ተነጋግሮ ነው። ላሟን ለርቢ የሚሰጥም ሰው ጥጃው እንዴት እንደሚካፈል፥ ላሟ በገደል ብትሞት ወይም በጠባቂው ቸልተኝነት ብትጠፋ ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ይወስናል። የሽርክና ሥጋት የሚካፈለው ከጉዳቱ በፊት እንጂ ከጉዳቱ በኋላ እንዳልሆነ የጎጃም ገበሬ ያለ ትምህርት ቤት ያውቃል። አንዲት ላም በሽማግሌ ፊት ካልሆነ በቀር ከእጁ የማትወጣው ሰው፥ ሕይወቱን ግን ውል በሌለው ሽርክና ውስጥ እንዲያስገባ ተገድዷል። ያልገባው ነገር ካለ የገባን እኛ ለምን እንዳልጻፍንለት ብቻ ነው።

የቡሬንም ነገር እንመልከት። በ2013 ዓ.ም. በተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ምርቶች ማቀነባበሪያ ፓርክ መንግሥት መሬቱን አዘጋጅቶ፥ መንገዱንና መብራቱን አስገብቶ፥ የግል ባለ ሀብት ፋብሪካውን እንዲተክል ይጋብዛል። በዚህ ሽርክና ውስጥ የሊዙ ዘመን፥ የኪራዩ ልክ፥ የእያንዳንዱ ወገን ግዴታ በሕግ ዐዋቂ ተጽፎ፥ ተነቦ፥ ተፈርሞ ነው። ይህ መልካም ነው። እንግዲያውስ በአንድ ከተማ ውስጥ በቆሎ ሲፈጭ ውል የሚያስፈልገው፥ ሰው ሲታከም ውል የማያስፈልገው ስለምንድን ነው? የእህሉን ሽርክና በጽሑፍ የያዘ አስተዳደር የመድኃኒቱን ሽርክና በዕድል ሊተወው አይገባም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ወገን እንመለስ። «ሁሉን ለባለ ሀብት እንስጥ፤ ትልቅ ሆስፒታል ይሥራልን፥ ቀስ እያልን እንከፍላለን» የሚሉት ወንድሞቻችን ወደ ደቡብ አፍሪካ ጎረቤት ወደ ሌሶቶ ቢመለከቱ ይጠቀማሉ። የሌሶቶ መንግሥት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. ከአንድ የግል ኩባንያዎች ኅብረት ጋር የ18 ዓመት ውል ተፈራረመ። ኅብረቱም አሮጌውን የንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛ ሆስፒታል የሚተካ፥ ንግሥት ማሞሃቶ የተባለ ዘመናዊ ሆስፒታል በማሴሩ ከተማ ሠርቶ በ2011 ዓ.ም. ከፈተ። የሕክምናው ጥራት ተሻሻለ፤ በሆስፒታሉ የሚሞቱት ቍጥር መቀነሱን ያጠኑ ሰዎች መስክረዋል። ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ክፍያው በየዓመቱ እያደገ ሄደ። ኦክስፋም የተባለው የርዳታ ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፥ አንዱ ሆስፒታል ብቻውን የአገሪቱን የጤና በጀት ግማሽ ያህል ይወስዳል አለ። የዓለም ባንክ ቍጥሩ ከዚያ ያነሰ ነው ብሎ ተከራከረ። የክርክሩ ዳኝነት የማንም ይሁን የማን፥ መጨረሻው ግን ታወቀ፤ በ2021 ዓ.ም. ውሉ ዘመኑ ሳይሞላ ተቋረጠ። እንግሊዞችም በዚህ መንገድ ብዙ ሆስፒታሎች ካሠሩ በኋላ፥ በ1992 የጀመሩትን ስልት በ2018 ለአዲስ ሥራ ዘግተውታል። እነዚህ በሕግ ዐዋቂና በሒሳብ ዐዋቂ የበለጸጉ ሰዎች ከተቸገሩበት ጕድጓድ እኛ ዘለን የምንገባበት ምክንያት አይታየንም። ቀስ እያሉ መክፈል ገንዘብ ማግኘት አይደለም፤ ብድር ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ከዚህም በላይ ነጋዴ ሊያተርፍበት የማይችል፥ ስለዚህም ለነጋዴ ሊሰጥ የማይችል የጤና ሥራ አለ። ባዶ እግሩን ቀይ አፈር እየረገጠ የሚያርስ ገበሬ እግሩ አብጦ እንዳይቀር የሚያድነው ጫማና የእግር ንጽሕና ነው፤ ከዚህ ምክር ማን ያተርፋል? ወደ ዓባይ በሚወርደው ቈላ የወባን ትንኝ ለማጥፋት ቤት ለቤት ከመርጨት፥ ሕፃናትን ከመከተብ፥ ነፍሰ ጡሯን ከመከታተል ማን ይበለጽጋል? የግል ክሊኒክ አስፋልት ይወዳል፤ ቢወድም አይፈረድበትም፤ ገበያው እዚያ ነውና። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ግን አስፋልቱ ከሚያልቅበት ወዲያ ይሠራሉ። ተራራ የምትወጣውን፥ ወንዝ የምትሻገረውን ያቺን ሴት የሚተካ ባለ ሀብት አልተወለደም። «መንግሥት አይችልም» የሚሉ ሰዎች በመጀመሪያ የእርሷን ሥራ ይመልከቱ።

እንግዲህ ሁለተኛው ወገን ይህን ሰምቶ ደስ ሳይለው አይቀርም። ነገር ግን ለእርሱም የምንለው አለን። «የግል ሁሉ ሌባ ነው» ማለት ታሪክን መርሳት ነው። ስለ ሥጋ ደዌ ሕክምና ማሠልጠኛ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት፥ መንግሥት፥ ዩኒቨርሲቲና የውጭ አገር በጎ አድራጊ ማኅበራት በአንድነት ያቆሙት ቤት ነው። በ1951 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጡት ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን የመሠረቱት የፊስቱላ ሆስፒታልም የመንግሥት ንብረት አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በባሕር ዳር በተከፈተው ቅርንጫፉ ስንት የጎጃም ሴት፥ በምጥ ብዛት ተጐድታ ከሰው ተለይታ የነበረች፥ ያለ ክፍያ ታክማ ወደ ቀዬዋ ተመልሳለች። ድርጅቱ ያሠለጠናቸው አዋላጆችም በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ተመድበው ይሠራሉ። ይህ ሽርክና ባይኖር የሚጐዳው ነጋዴ አልነበረም።

ለትርፍ ከሚሠሩትም ዘንድ መልካም ምሳሌ አለ። ከ1998 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የግል ክሊኒኮች የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞችን እንዲያክሙ ተደርጓል። የሽርክናው አሠራር ቀላል ነው፤ መድኃኒቱን መንግሥት በነጻ ይሰጣል፥ ክሊኒኩም ለበሽተኛው በነጻ ያድላል፤ ባለሙያዎቹን መንግሥት ያሠለጥናል፥ ክሊኒኩም በመንግሥት መዝገብ መዝግቦ ለጤና ጽሕፈት ቤት ያስታውቃል። ማን ምን እንደሚያዋጣ ስለታወቀ፥ መዝገቡም አንድ ስለሆነ፥ በሽተኛው በመካከል አልተንገላታም። አንዱን በሽታ እንዲህ ማከም ከተቻለ፥ የስኳርና የደም ግፊት፥ የአስምና የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለባላገሩ በተመሳሳይ ሥርዓት የማይደርስበት ምክንያት ምንድን ነው? የሚጐድለው ጥበቡ አይደለም፤ ውሉን ተቀምጦ የሚጽፍ ፈቃደኝነት ነው።

የግል ሥራ የተጠላበትን ዘመን ውጤትም አይተናል። የግል ሀብት ወደ መንግሥት እጅ ከገባበት ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የግል ሕክምና መንገዱ ጠበበ፤ የመንግሥቱ ሆስፒታል ግን በዚያ ምክንያት መድኃኒት አልሞላም። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የወጣው የጤና ፖሊሲ በሩን ከፈተ፤ ነገር ግን በሩን ከመክፈት አልፎ የገባውና የወጣው የሚቈጠርበት ዘበኛ በበሩ ላይ አልቆመም። የመጀመሪያው መዝጋት ነበር፤ ሁለተኛው መልቀቅ ነበር። ሦስተኛው መንገድ፥ ማለት መዋዋል፥ እስካሁን በቅጡ አልተሞከረም።

ስለ ራሱ ስለ ሆስፒታሉም አንድ ነገር ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። በጤና ገንዘብ አሰባሰብ ለውጥ መሠረት ሆስፒታሎች ገቢያቸውን ለራሳቸው ሥራ እንዲያውሉ፥ ጽዳትንና ጥበቃን የመሰሉ ሥራዎች በውል ለውጭ ሰው እንዲሰጡ፥ የግል ሕክምና ክፍልም በግቢያቸው እንዲከፍቱ ተፈቅዷል። የግል ክፍሉ ሐኪሙን በአገሩ ያቈየዋል ተብሎ የታሰበ ነው፤ አሳቡም መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ጠዋት በወረፋ ያልተገኘ አልጋ ማታ በገንዘብ የሚገኝ ከሆነ፥ ወይም ማዘዣውን የጻፈው እጅ ከአጥሩ ማዶ ባለው ቤት ድርሻ ያለው ከሆነ፥ ነገሩ ሽርክና መሆኑ ይቀርና ወጥመድ ይሆናል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቈረጣል እንደሚባለው፥ ጠባቂ የሌለው የሕዝብ ሀብት ለሁሉም ማገዶ ነው።

አሁን የነገሩን ሥር እንንካ። በሆስፒታሉ መደርደሪያ ላይ መድኃኒት ሲጠፋ የሚጐዳው ማን ነው? ሆስፒታሉ አይደለም፤ ያልገዛውን መድኃኒት ዋጋ አልከፈለምና እንዲያውም ገንዘብ ይተርፈዋል። የመድን ጽሕፈት ቤቱም አይደለም፤ በአጥሩ ውስጥ ያልተሰጠ መድኃኒት ሒሳብ አይጠየቅምና። በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 553 የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ተብሎ የተቋቋመው፥ ዛሬ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚባለው መሥሪያ ቤትም ጕድለቱን በኪሱ አይከፍልም። የግል መድኃኒት ቤቱማ ይጠቀማል። እንግዲህ ባዶው መደርደሪያ ከበሽተኛው በቀር ማንንም የማያሳምም ከሆነ፥ መደርደሪያው ለምን ይሞላል? የሰው ልብ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሥርዓቱ እንዲህ ተሠርቶ ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው ውል የመጀመሪያ ሥራው ሕመሙን ከበሽተኛው ትከሻ አንሥቶ፥ ማስተካከል በሚችለው ሰው ትከሻ ላይ ማዋል ነው።

ውሉ ምን ምን ይያዝ ቢሉን፥ በአምስት አንቀጽ እንናገራለን።

አንደኛ፤ የመድን ደብተሩ አስፋልቱን ይሻገር። የወረዳው የጤና መድን ጽሕፈት ቤት በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፥ በደምበጫና በሽንዲ ካሉት የግል መድኃኒት ቤቶችና ላቦራቶሪዎች ጋር በግልጽ ውድድር ይዋዋል። ሆስፒታሉ «የለም» ያለውን መድኃኒት ባላገሩ ደብተሩን አሳይቶ ይውሰድ። የተስማሙበትም ዋጋ በአማርኛ ተጽፎ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ሁለተኛ፤ ከውጭ የተወሰደው መድኃኒት ዋጋ ከሆስፒታሉ ገቢ ላይ ይታሰብ። ያን ጊዜ ባዶ መደርደሪያ ለሆስፒታሉ ትርፍ መሆኑ ይቀራል። በየወሩም የጐደሉት መድኃኒቶች ስም ዝርዝር ለወረዳው ምክር ቤት ይቅረብ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና። ጕድለቱ የመጣው ከአቅራቢው መሥሪያ ቤት ከሆነ ሆስፒታሉ ጥያቄ ያቀረበበትን ቀን በጽሑፍ አሳይቶ ዕዳውን ወደዚያ ያዙር።

ሦስተኛ፤ የዋጋ ለውጥ ሥጋት አስቀድሞ ይከፈል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት የሚገዛበት ብር ምን ያህል እንደ በዛ ሁላችንም አይተናል። ውል ባልነበረበት ጊዜ ልዩነቱን በሙሉ የከፈለው በሽተኛው ነው። በውሉ ውስጥ ግን ዋጋው በስንት ወር እንደሚታረም፥ ከጭማሪው ስንቱን ነጋዴው፥ ስንቱን የመድኑ ገንዘብ እንደሚሸከም ይጻፍ። መንግሥትም በበኩሉ ሒሳቡን በቀኑ ይክፈል። ክፍያ የሚያዘገይ ሸሪክ ሌላውን ሸሪክ ወደ ማጭበርበር ይገፋዋል።

አራተኛ፤ ማዘዣ የሚጽፍ ሰው ከሚልክበት ቤት ጥቅም አይኑረው፤ ካለውም በግልጽ ያስታውቅ። በግቢው ውስጥ ያለው የግል ክፍልም የመደበኛውን ሰዓትና አልጋ እንዳይነካ የወረፋው መዝገብ በሁለቱም ወገን አንድ ይሁን።

አምስተኛ፤ አስፋልቱን ያገኘ ገጠሩን ይሸከም። የፍኖተ ሰላምን ገበያ በውል የሚያገኝ ነጋዴ፥ በቋሪትና በሰከላ ደጋ፥ በወንበርማም ቈላ ላሉ ጤና ጣቢያዎች በወር የተወሰነ ጊዜ መድኃኒት ያድርስ። ይህን የማይፈልግ ውሉን አይውሰድ። ውሉም አጭር፥ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይሁን፤ በአማርኛ ተጽፎ በወረዳው ምክር ቤት ፊት ይነበብ። 18 ዓመት የሚያስር ውል ከፈረሙ በኋላ ከመጸጸት፥ በሁለት ዓመት እየፈተሹ መታረም ይሻላል።

«ይህ ሁሉ ሲደረግ የመድኑ መዋጮ ይጨምር የለምን?» የሚል ይኖራል። አዎን፥ ሊጨምር ይችላል፤ ይህን ከሕዝቡ መደበቅ አይገባም። ነገር ግን ለማይሠራ ደብተር ጥቂት ከመክፈል፥ ለሚሠራ ደብተር ትንሽ ጨምሮ መክፈል እንደሚሻል የእድር አባል ሁሉ ያውቃል። እድር የሚፈርሰው መዋጮው ስለበዛ አይደለም፤ በሐዘን ቀን ድንኳኑ ሳይመጣ ሲቀር ነው። መድኑም የሚፈርሰው እንዲሁ ነው፤ ባላገሩ በታመመ ቀን «የለም» ሲባል ነው። ለድኻ ድኻውም አሁን እንደሚደረገው የመንግሥት ድጎማ ይቀጥል።

«አገሩ በግጭት ላይ ሳለ፥ መንገድ ሲዘጋ ስለ ውል ማውራት ምን ይፈይዳል?» የሚልም አለ። በእርግጥ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ በተደጋጋሚ ተዘግቷል፤ ስሟ የሰላም ጎዳና ማለት የሆነው ፍኖተ ሰላምም በዚያው በነሐሴ ወር ተመትታ ሰላማዊ ሰዎች ሞተውባታል። ለዚህ ሁሉ ዋናው መድኃኒት ሰላም ራሱ ነው። ነገር ግን መንገድ በሚዘጋበት አገር መድኃኒት በአንድ ጎተራ ብቻ ማስቀመጥ ይበልጥ ሞኝነት ነው። በመንግሥት መጋዘንም፥ በግል መድኃኒት ቤትም፥ በቀይ መስቀልም ዘንድ ያለው መድኃኒት በአንድ ዝርዝር ቢታወቅና በአንድ ውል ቢታሰር፥ አንዱ በር ሲዘጋ በሌላው ይገኛል። ውል የሰላም ቀን ጌጥ አይደለም፤ የክፉ ቀን ስንቅ ነው።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ሹማምንት፥ የሽርክናው ጉዳይ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲመጣ «ይግባ ወይስ አይግባ» የሚለውን ጥያቄ ትታችሁ «ማን ምን ያዋጣል? ቢጐድል ማን ይከፍላል? ለማን ይነበባል?» ብላችሁ ጠይቁ። መምህራን፥ በሒሳብና በሕብረተሰብ ትምህርት ሰዓት የወረዳችሁን የመድን መዋጮና ወጪ ለተማሪዎቻችሁ ምሳሌ አድርጉላቸው፤ ሒሳብ በሩቅ አገር ምሳሌ ብቻ አይማሩት። ተማሪዎች፥ ነገ ፋርማሲስትም፥ ሐኪምም፥ ነጋዴም፥ ጸሓፊም የምትሆኑት እናንተ ናችሁ፤ በአጥሩ በየትኛውም ወገን ብትቆሙ አስፋልቱን የሚሻገረው ሰው አባታችሁ መሆኑን አትርሱ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ነገር ግን ድሩ የሚያብረው የሚያጠነጥን እጅ፥ የሚቋጥርም ጣት ሲኖረው ነው። መንግሥት አለ፤ ባለ ሀብት አለ፤ የባላገሩም መዋጮ አለ። ሦስቱ ክሮች ለየብቻቸው ተበትነው ሳሉ በሽታን ማሰር አይቻልም። ባላገሩ ላሙን ለርቢ ሲሰጥ የሚጠራቸውን ሽማግሌዎች ያህል እንኳ ምስክር ለሕይወቱ ይጠራለት ዘንድ እንጠይቃለን።